ቋሊማ የሌለው ጊስለን

ሳን-ቬናንስ፣ አቢቲቢ
ኖቬምበር 18 ቀን 1996

ለተከበርከው የአክስቴ ልጅ ጊስለን ብሩሶ፣

ከራስ ፀጉርህ እስከ ሆኪ ዱላህ ጫፍ ድረስ ሰላም ይሁንልህ። እኛ ከብርዱና ከአንተ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክህን ስለቀየርክና አዲሱን ቁጥር ለሰው ስላልሰጠህ ነው። አልፈርድብህም። እናትህ የድሮውን ቁጥር ለአባ አንሴልም ሰጠች፣ አባ አንሴልም ለመዘምራኑ ሰጡ፣ ከመዘምራኑ አንዷ ደግሞ ሞንትሪያል ሬዲዮ ጣቢያ የምትሠራ እህት አለቻት። እናትህ ዛሬም «እኔ ለቄስ ነው የሰጠሁት» ብላ ትምላለች። ግን እኔን ለምን ትቀጣኛለህ? ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት የቢራ ጠርሙስ ለመክፈት ብቻ ነበር። ይኸው በአንተ የተነሳ ጣቴ ቀለም በቀለም ሆነ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የእናትህ ድንች ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ካላወቅህ ልንገርህ። የሞንትሪያል የበረዶ ሆኪ ቡድን ሲወስድህ እናትህ በደስታ አብዳ፣ በስምህ ሰይማ ግድግዳው ላይ ያጻፈችውን ምግብ ታስታውሳለህ አይደል? «ጊስለን፦ የተጠበሰ ድንች፣ አይብ፣ ትኩስ መረቅ፣ እንዲሁም ጊስለን በመጨረሻው ጨዋታ ባገባው ጎል ልክ ቋሊማ።» ገና ከወጣቶቹ ቡድን ጋር ስትጫወት ጥሩ ነበር። ሦስት ያገባህ ሌሊት ሰልፉ ነዳጅ ማደያው ድረስ ደርሶ ነበር። ዘንድሮ ግን ድንች ጠባሹ እኔ ነኝ፤ ስድቡንም የምበላው እኔ ነኝ።

ግንድ ጫኙ ኦቪላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳያዛንፍ አንድ ጊስለን ያዛል። በአንተ ያለው እምነት ነው። ባለፈው ሳምንት ድንቹን በሹካ እያነሳ ከሥር ከሥሩ ሲፈልግ ቆየና፦

«ሬሚ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጊስለን ነዋ።»

«ጊስለን መሆኑንማ አየሁት፤ ምንም የለውም!»

ከዚያ የቤተክርስቲያኑን ዕቃ ከጽዋው እስከ ታቦቱ አንድም ሳያስቀር እየጠራ ሰደበኝ። የአገራችንን ስድብ ታውቀዋለህ፤ እሱ ሲሳደብ ቅዳሴ የገባህ ነው የሚመስልህ።

መንደሩ ለሁለት ተከፍሏል። አያታችን ኦሜር «ልጁን የያዘው ከተማው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ዓይኑን ተክሎበት እንኳን ጎል ሊያገባ ሽንቱም አይወጣለትም» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ወፍረሃል ባይ ነኝ።

አባ አንሴልም ለገና ሁለት ትኬት ይፈልጋሉ። የጥርስ ሐኪሙ የተሰበረ ዱላህን ይፈልጋል፤ ያልተሰበረም ቢሆን አይጠላም። ሁለታችንንም የጣለችን የሒሳብ አስተማሪ ፊርማህን ትፈልጋለች። እኔ ምንም አልፈልግም፤ አንድ ቋሊማ ብቻ።

አክባሪህና ድንች ጠባሽህ
ሬሚ


ሞንትሪያል
ዲሴምበር 8 ቀን 1996

ለሬሚ፣

ቤቱም ምድጃውም ሰላም ይሁን። እናቴን ሳምልኝ፤ አያታችንን ሁለት ጊዜ ሳምልኝ።

አልወፈርኩም።

የዘገየሁት ደብዳቤህን አንብቤ ተናድጄ ስለጣልኩት፣ ከዚያም ስቄ ስላነሳሁት ነው። አያታችን ከተማው ነው ያሉትን ልንገርህና ራስህ ፍረድ። ትናንት ዳቦ ልገዛ ገባሁ። ሴትዮዋ ዳቦውን ከእጇ ሳትለቅ «ልጄ፣ በረዶው ላይ ያለውን ሰማያዊ መስመር ስታልፍ ለምን ትቆማለህ?» አለችኝ። አልቆምም። «ትቆማለህ እንጂ!» አለችና ዳቦውን እንደ ዱላ ይዛ አቋቋሜን አሳየችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉ ሁለት አሮጊቶች ደግሞ አያያዟን አረሟት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ሁለት እጁን አፌ ውስጥ ከትቶ «ለምን አትመታም?» ይለኛል። በዚያ አፍ ምን ብዬ ልመልስለት? ጎረቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ በሬ ላይ ያኖርልኛል። ስለ እኔ የተጻፈው እንዳያመልጠኝ በቀይ ያሰምርበታል።

ትኬት አልችልም ሬሚ። እውነቴን ነው። በየጨዋታው በር ላይ «የእናትህ ጎረቤት ነኝ» የሚል ሰው አለ። እናቴ ስንት ጎረቤት ነው ያላት? ድንች ቤቱ እኮ ያለው በጫካና በባቡር ሐዲድ መሀል ነው!

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። አሰልጣኙም ደህና ነው። እያረፍኩ ነው።

ያንን በስሜ የተጠራ ምግብ ግን እባክህ ከግድግዳው ላይ አስነሳልኝ።

ጊስለን


ሳን-ቬናንስ
ዲሴምበር 19 ቀን 1996

ለዕረፍተኛው ጊስለን፣

የገናው ሕፃን ከብርድ ይጠብቅህ፤ አንተ ደግሞ ራስህን ከጥርስ ሐኪም ጠብቅ።

«እያረፍኩ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? በዲሴምበር የሚያርፍ ድብ ነው። ኦቪላን ጠየቅኩት፤ እሱም ድብ ነው አለ።

ምግቡ ከግድግዳው እንዲነሳ ለእናትህ ነገርኳት። መጥበሻውን በእጇ እንደያዘች «ልጄን ከግድግዳ ላይ አላወርድም!» አለች። ዘይቱ ይንጠባጠብ ስለነበር ክርክሩን አላራዘምኩም።

ደግሞም ያንተን ችግር የሚፈታው ግድግዳ መቀባት አይደለም፤ እኛ ፈትተነዋል። የተማሪዎቹን አውቶቡስ ተከራይተን ጃንዋሪ 18 ቅዳሜ ልናይህ እንመጣለን! አርባ ምናምን ሰው ነን። ለትኬት አላስቸገርንህም፤ እያንዳንዱ የራሱን ገዝቷል፤ ጣሪያው ሥር ያለ ወንበር ቢሆንም ገዝቷል። አያታችንም ይመጣሉ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ መንገድ አይሆንዎትም ቢላቸው «ከመንገዱና ከሬሚ ምግብ የቱ ይገድላል?» አሉት። የቤተክርስቲያኑ ማኅበር ሴቶች ሁለት አንሶላ ሰፍተው ትልቅ መፈክር ሠርተዋል። ጽሑፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ «ጊስለን፣ ርቦናል!»

መንደሩ በሙሉ ወዶታል። አባ አንሴልም እንኳ መንፈሳዊ ነው ብለዋል።

አታመስግነኝ። ግባና አግባ ብቻ።

ሬሚ


ሞንትሪያል
ጃንዋሪ 13 ቀን 1997

ሬሚ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ። አትምጡ።

ያረፍኩት ወድጄ አይደለም። አሰልጣኙ ካስወጣኝ ቆየ። ኮትና ክራባት ለብሼ ጋዜጠኞቹ አጠገብ፣ ላይ ፎቅ፣ ተቀምጬ ነው የማየው። አልታመምኩም፣ አልተጎዳሁም፤ ዝም ብሎ አልተሰለፍኩም። እዚያ ላይ የሚቀመጥ ሰው ፈንዲሻ ከመብላት ሌላ ሥራ የለውም። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ አሁን ትንሽ ወፍሬአለሁ።

እናቴ እንዳትሰማ። መንገዱ ተበላሽቷል በል፣ አውቶቡሱ ተሰበረ በል። አንተ ውሸት አታጣም። ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀልድህን ለጥቅሜ አውለው።

ጊስለን


ሳን-ቬናንስ
ጃንዋሪ 21 ቀን 1997

ለክቡር አቶ ጊስለን ብሩሶ፣ ላይ ፎቅ፣ ከፈንዲሻው ጎን፣

እግዜር ክራባትህን ይባርክልህ።

«አትምጡ» ያልክበት ደብዳቤ ትናንት ሰኞ ደረሰኝ። እኛ ቅዳሜ ሄደን እሑድ ተመልሰናል። አንተ ሰው፣ ቴሌግራም የሚባል ነገር አልሰማህም? እናትህ ጋ ስልክ የለም? ድንች ቤት እኮ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ስናነሳ ነው የምንውለው!

የሆነውን ልንገርህ። ስምንት ሰዓት ሙሉ በበረዶ ተጉዘን፣ ጣሪያው ሥር ወጥተን፣ መፈክሩን ዘረጋን። ተጫዋቾቹ ሲገቡ ሁላችንም ቁጥርህን ፈለግን። የለም። ኦቪላ «ማልያ ቀይሮ ይሆናል» አለ። አያታችን «በረኛ አድርገውት ይሆናል» አሉ። መጀመሪያ ያየህ አባ አንሴልም ናቸው፤ መነፅራቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው «ያ ኮት የለበሰው ልጅ የእኛን ጊስለን አይመስልም?» አሉ። ሁላችንም ዞርን። አንተም አየኸን። ፈንዲሻው አፍህ ላይ ቀረ።

እናትህ ምን እንዳለች ታውቃለህ? «ኮቱ እንዴት ያምርበታል» አለች። 

ኦቪላን ግን ኮቱ አልማረከውም። «ጊስለንን አስገቡት!» እያለ ጮኸ። እኛም ጮኽን። የከተማው ሰዎች ቀልድ መስሏቸው አብረውን ጮኹ፤ ከዚያ «ርቦናል! ርቦናል!» ማለት ጀመሩ። ግማሹ አዳራሽ በሳቅ ሞተ። መፈክሩ የማን ሐሳብ እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አስቅህበት ነበር። ግን ጨዋታው ሲያልቅ አያታችን «ሳላቅፈው አልሄድም» ብለው አውቶቡሱ በር ላይ ቆሙ። በዚያ ብርድ! «ይወርዳል፣ ልብሱን እየቀየረ ነው» እያሉ ቆሙ። ምን ልብስ ትቀይራለህ? ኮት ነው የለበስከው! ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ጡሩንባ ነፋ። አልወረድክም። ተሸክመን ነው ያስገባናቸው። እስከ ቤት ድረስ «ሥራ በዝቶበት ነው» ሲሉ መጡ።

ምን ሥራ ነው የበዛብህ አንተ? ፈንዲሻ?

አልስምህም።
ሬሚ


ሞንትሪያል
ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1997

ለሬሚ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ባትስመኝም ይሁን።

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። አሁን ሳልቀድደው እልከዋለሁ።

ወርጄ ነበር። ከአዳራሹ በር ጀርባ ካለው ደረጃ ሥር ቆሜ በመስታወቱ አየኋቸው። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። በሩን ገፋሁት፤ እጄ ግን በሩ ላይ ቀረ። ብወጣ ምን እላቸዋለሁ? አርባ ሰው እያየኝ አያቴን አቅፌ አለቅሳለሁ? ጡሩንባው ሲነፋ ሰምቻለሁ። ሦስቱንም።

አሁን አንተ ስማኝ። ሁሉም ሰው ከተማው ነው ይላል። እዚህ ፊንላንዳዊ ጓደኛ አለኝ፣ ያርሞ ይባላል፤ በአንድ ዓመት ነው የመጣነው። እሱም ላይ ይጮኹበታል። አንድ ቀን «ምን እያሉኝ ነው?» ሲለኝ «እያበረታቱህ ነው» አልኩት። ምስኪኑ እጁን አንስቶ ሰላም አላቸው! ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ጎል በጎል ሆኗል። ያው ከተማ፣ ያው ጩኸት፣ ያው ጋዜጣ ነው፤ እሱ ግን አይሰማውም። ለእኔ ግን ቋንቋው የእናቴ ቋንቋ ነው። የዳቦ ሻጯ ተግሣጽ በአክስቶቼ ድምፅ ነው የሚገባኝ።

ግን ከተማውን እችለዋለሁ ሬሚ። ከተማው ሲሰድበኝ ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። እናንተን በየትኛው በር ልዝጋችሁ? የምንመታት ጠፍጣፋ ጎማ ወደ እኔ ስትመጣ የምቆጥረው ቋሊማ ነው! ኦቪላ ድንቹን በሹካ ሲያነሳ ይታየኛል። ብመታና ብስት መንደሩ ጾሙን ያድራል። ስለዚህ አልመታም፤ እንደ ፍም አጠገቤ ላለው ተጫዋች አቀብላታለሁ። አሰልጣኙ «በወጣቶቹ ቡድን ሳለህ የማትመታው ግድግዳ አልነበረም፤ ምን ነካህ?» አለኝ። ምን ልበለው? ድንች ነካኝ ልበለው?

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ አዲስ ነገር አልተማርኩም። ሌላው የሚማረው እየሳተ ነው፤ እኔ መሳት አልችልም። እንዲህ ከቀጠልኩ በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይፈልገኝም፤ ተመልሼ ከአንተ ጋር ድንች እልጣለሁ። ስለዚህ ወደ ሌላ ቡድን እንዲቀይሩኝ ጠይቄአለሁ። በልጅነታችን ማልያውን ለብሰን እንተኛ የነበረውን ቡድን ልቀቁኝ አልኩ። ለእናቴ እንዳትነግር። ለአያታችን ግን ደረጃው ሥር እንደነበርኩ ንገራቸው። ወይም አትንገራቸው። አንተ እንዳወቅህ።

ጊስለን


ሳን-ቬናንስ
ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1997

ለጊስለን፣

ሰላም ልልህ ፈልጌ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ስለዚህ ዝም ብዬ ልቀጥል።

ደብዳቤህን ለአያታችን አነበብኩላቸው፤ ስለ ቋሊማው ያለውን ዘለልኩት። «ሦስቱንም ሰምቻለሁ» የምትለው ጋ ስደርስ «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ «ያንን ሾፌር ድሮም አልወደውም» አሉ። አበቃ። ለሚቀጥለው ኮት ሲገዙ ካንተው ዓይነት እንዲሆን አዘዋል።

አሁን ደግሞ ያደረግኩትን ስማ። እናትህ ቅዳሴ ስትሄድ መሰላል አቆምኩና ግድግዳው ላይ ያለውን ስምህን በነጭ ቀለም አጠፋሁት። የእኔን ጻፍኩበት። «ሬሚ፦ የተጠበሰ ድንች፣ አይብ፣ ትኩስ መረቅ። ቋሊማ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም፤ አይኖረውምም።»

እናትህ ስትመለስ ልትገድለኝ ነበር። «ልጄን አጠፋኸው!» አለችኝ። «አክስቴ፣ ልጅሽ ምግብ አይደለም» አልኳት። መጥበሻውን አስቀመጠች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ረጅም ሰዓት ምድጃ ስትጠርግ ቆየች፤ ምድጃው ግን ንጹሕ ነበር። የቀረውን ራስህ ንገራት። ካርድ እንኳ ብትልክ።

ኦቪላ ቅዳሜ መጥቶ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ሬሚ ምን አለው?»

«ምንም።»

«እሱን እንኳ ከድሮም አውቃለሁ» አለና አዘዘ። አሁን መንደሩ በሙሉ የሚሰድበው እኔን ነው፤ ጠዋት፣ ምሳ፣ ማታ፣ ከጽዋው እስከ ታቦቱ! ይመቸኛል። እኔ ስሰደብ ነው የምፋፋው፤ እንደ ፊንላንዳዊው ነኝ። ልዩነቱ የሚሉኝ ሁሉ ይገባኛል፤ እውነታቸውንም ነው።

ወደፈለግህበት ሂድ። መፈክሩን ፈትተን አንሶላውን ለባለቤቶቹ መልሰናል። «ርቦናል» የሚለው ግን በእጥበት አልለቅ ብሎ አባ አንሴልም እየተኙበት ነው።

ሬሚ


ከደቡብ፣ ከባሕሩ ዳር
ማርች 23 ቀን 1997

ለውድ የአክስቴ ልጅ ሬሚ፣

ከማይበርድ አገር የሞቀ ሰላምታ ይድረስህ። ለእናቴ በስልክ ነግሬአታለሁ፤ ነግራህ ይሆናል። ቀየሩኝ። ቁጥሬን ሰጥቻታለሁ፤ እዚህ ለሬዲዮም ብትሰጠው የሚደውል የለም።

ይህ ምን ዓይነት አገር ነው? ሱቅ ገብቼ አንዲት ልጅ ሥራህ ምንድን ነው አለችኝ። በበረዶ ላይ የምጫወት ነኝ ስላት በመስኮቱ ፀሐይዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ በጣም አዝና ቅናሽ አደረገችልኝ።

ዳቦ ስገዛ ዳቦ ብቻ ነው የሚሰጡኝ።

መጀመሪያ ሳምንት መታሁ፤ ሳትኩ። መታሁ፤ ሳትኩ። ማንም ምንም አላለኝም። አሰልጣኙ «ደህና ነው፣ ድገም» አለኝ። እግሬ ቀስ እያለ ተመለሰ ሬሚ፤ ሌላ ሰው ተውሶት ቆይቶ የመለሰልኝ ያህል ነው። ዳቦ ሻጯም እውነቷን ነበር፤ ሰማያዊው መስመር ላይ እቆም ነበር። እዚያ ሆኜ እንዴት ልስማት? አሁን አልቆምም። ሐሙስ ዕለት ሁለት አገባሁ።

ሁለት! ቤቴ ስገባ ጎረቤቴ ሳሩን ውኃ ያጠጣል። «ሥራ እንዴት ዋለ?» አለኝ። «ደህና» አልኩት። «ጎበዝ» አለና ሳሩን ማጠጣቱን ቀጠለ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ስልኩን አየሁት። በሬን ከፍቼ ጋዜጣ ፈለግኩ። በቀይ ያሰመረልኝ የለም።

እዚህ ይሻለኛል፤ አልዋሽህም። እዚህ ሆኜ ሰው እሆናለሁ። ግን ጸጥታውም በመጠን ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር! ኤፕሪል 10 እዚህ ሜዳ የመጨረሻ ጨዋታችን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትኬት ያዙና ኑልኝ ብዬ የምለምነው እኔ ነኝ። ከዚህ ጋር ሁለት አሉ፤ አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለአያታችን፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ በእኔ በኩል። ሲያልቅ የትም አልሄድም፤ በሩ ላይ ቀድሜ የምቆመው እኔ ነኝ።

መፈክር አታምጣ። ብስት ግን ስደበኝ፤ በእኛ ቋንቋ፣ ደህና አድርገህ።

ጊስለን


ሳን-ቬናንስ
ኤፕሪል 1 ቀን 1997

ለፀሐይ ሞቃዩ ጊስለን፣

ሰላምታዬን አየር ማረፊያ አደርሰዋለሁ፤ ለጊዜው በዱቤ ያዘው።

የሁለቱን ጎል ወሬ ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። ጋዜጣው መጨረሻ ገጽ ላይ ከቅማል ባነሰ ፊደል ተጽፎ አያታችን በማጉያ መነፅር አገኙት። ለእናትህ አሳዩዋት። በዚያ ቀን ለገባ ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ቋሊማ ጣል ታደርግ ነበር፤ ላላዘዘውም ጭምር። ኦቪላ «ሬሚ ተሻለው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ስም ግን አልመልስልህም። ለምጄዋለሁ።

ትኬት መላክህ ሲሰማ መንደሩ ሁሉ አውቶቡስ ካልተከራየን አለ። ወንበር የለም፣ ሁለቱን ያገኘነው በስንት ልመና ነው አልኳቸው። ጊስለን፣ አዳራሽህን በቴሌቪዥን ለአንድ ደቂቃ አሳይተውት አይቼዋለሁ፤ ሳን-ቬናንስን ከነላሞቹ ብታስገባው አሥር እጥፍ ቦታ ይተርፋል። ይህን ውሸት ለጥቅምህ ነው ያዋልኩት። ጻፍልኝ።

አያታችን አዲሱን ኮት ለብሰው በር ላይ መቀመጥ ጀምረዋል። ገና ዘጠኝ ቀን ይቀራል ብላቸው «ባለፈው ጊዜ እሱ ነው የዘገየው፤ እኔ አልዘገይም» አሉኝ።

እኔም ጉሮሮዬን እየሳልኩ ነው። ኦቪላ ከድንች ቤቱ ጀርባ ማታ ማታ ያስተምረኛል፤ ጽዋውን ጨርሰን ወደ መቅረዙ ገብተናል። በርትተህ ሳት። ባዶ ወንበር ስለሚበዛ አንዱም ቃል አያመልጥህም።

ሰዳቢህ
ሬሚ